ንጽሕናና ጤና በጐንደር፤ ስለ ኀፍረተ ሥጋ አጠባበቅ አጭር የታሪክ ጥናት

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦር ሜዳና በቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን በማጀትና በወንዝ ዳርም የሚሠራ መሆኑን ዛሬ የሚጠራጠር የታሪክ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ከማጀቱም ታሪክ ውስጥ በተለይ ተሸፍኖ የቀረ አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም ሰው የገዛ አካሉን፥ ይልቁንም ስሙን ለመጥራት የሚያፍርበትን የአካሉን ክፍል፥ በየዕለቱ እንዴት አድርጎ በንጽሕና ይጠብቅ እንደ ነበረ የሚመለከተው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጐንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ፥ ማለት ከደምቢያ ሜዳ አንሥቶ በወገራ በኩል እስከ ደባርቅ ባለው አገር፥ የኀፍረተ ሥጋ ንጽሕና በምን ሕግና በምን ልማድ ይጠበቅ እንደ ነበረ፥ ይህም ሕግ ከበሽታ በምን እንዳዳነና የት ላይ ማዳን እንዳልቻለ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የምንደርስበትን አሳብ አስቀድመን ብንገልጸው ለአንባቢው ነገሩ ይቀለዋል። በአማርኛችን ንጽሕና የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸከማል፤ አንደኛው በእግዚአብሔር ፊት ለመቆም የተገባ መሆን ነው፤ ሁለተኛው ከእድፍና ከደዌ የራቀ መሆን ነው። በጐንደር አገር የመጀመሪያው ንጽሕና በጥብቅ ሕግ ይጠበቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሁለተኛውን አብሮ ይዞ ይሄድ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ አለ፤ በሽታም ገብቶ የተቀመጠው በዚያ ቦታ ነው።

ጥናቱን ከቃላት መጀመር ይገባል። ሕዝባችን ለዚህ የአካል ክፍል የሰጠው ስም «ኀፍረት» ወይም «ኀፍረተ ሥጋ» ነው፤ ለስለስ ሲል «ብልት» ይለዋል፤ የሐኪሞች ቋንቋ ደግሞ «አባለ ዘር» የሚል ስም አምጥቷል። የሴቶች ወርኃዊ ደም በግዕዙ ትክቶ፥ በሊቃውንቱ አነጋገር ልማደ አንስት፥ በአሮጌው የሕዝብ ቋንቋ መርገም፥ በዛሬው አነጋገር የወር አበባ ይባላል። ከመርገም ወደ አበባ የተደረገው የስም ለውጥ ራሱ ታሪክ ነው። በግንኙነት የሚተላለፉት በሽታዎችም የታወቀ ስም አላቸው፤ ጨብጥ፥ ቂጥኝ፥ ከርክር፥ ባምቡሌ ይባላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ውጭ የሆኑት፥ ብዙ ሴት በዕድሜዋ አንድ ጊዜ እንኳ የሚያገኛት የማሳከክ፥ የማቃጠልና የፈሳሽ ሕመም፥ ለራሳቸው የቆመ ስም ሲጠራላቸው በልጅነቴ አልሰማሁም። ስም የሌለው ነገር ለሐኪም ቀርቶ ለእናትም ለመንገር አይመችም።

ከውጭ አገር ትምህርቴን ፈጽሜ በተመለስሁ ጊዜ አንዲት በጐረቤታችን የነበሩ መነኩሲት ስለዚሁ ነገር እንዲያስረዱኝ ለመንኋቸው። «እማሆይ፥ ሴት እንዲህ ያለ ሕመም ሲያገኛት በድሮ ጊዜ ምን ትሉት ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ጥቂት ዝም አሉ። ኋላም «ልጄ፥ ይህ እኮ በሽታ አይባልም፤ የሴት ዕዳ ነው፤ ችሎ ማለፍ ነው እንጂ ማን ይነግሩታል?» ብለው መለሱልኝ። በዚህ አንድ መልስ ውስጥ የምንመረምረው ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ይገኛል። በሽታ ዕዳ ከተባለ መድኃኒት አይፈለግለትም፤ መንሥኤውም አይጠየቅም።

አሁን ወደ ከተማው ታሪክ እንመለስ። ጐንደር በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ1636 በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ተቈረቈረች። በልጃቸው በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በ1668 የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲቀመጡ ወሰነ። በዚህም ምክንያት በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ማኅበረሰቦች፥ ሦስት የንጽሕና ሕጎችን ይዘው፥ ውሃቸውን ከእነዚሁ ወንዞች እየቀዱ ኖሩ። ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ከዚህ የተሻለ የማነጻጸሪያ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም።

የክርስቲያኑ ሕግ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የቆመ ሕግ ነው። ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግዝረት የአገር ልማድ እንጂ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም የሚደረግ አለመሆኑን ገልጸዋል። በወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከደጀ ሰላም ሆና ትጸልያለች። ባልና ሚስት በተገናኙበት ዕለት፥ ወንድም ሕልመ ሌሊት ባገኘው ቀን፥ ወደ ውስጥ አይዘልቁም። አራስ ሴት ወንድ ብትወልድ እስከ አርባ ቀን፥ ሴት ብትወልድ እስከ ሰማንያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ትቈያለች፤ ሕፃኑም በዚሁ ቀን ይጠመቃል። ሰውነትን በሙሉ መታጠብን በተመለከተ ግን ሕዝቡ በታላቅ ክብር የሚፈጽመው በዓመት የተወሰነ ጊዜ የሚመጣውን ነው፤ በጳጕሜን ወር ሌሊት ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ በቅዱስ ሩፋኤል ቀን የሚዘንበውን ዝናም እንደ ጠበል ይቈጥራል፤ በጥምቀትም በፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ከቀሃ ተጠልፎ የሚገባውን ውሃ ይጠመቃል። ሩፋኤል በሕዝቡ እምነት የማኅፀን ፈቺ መልአክ በመሆኑ ነፍሰ ጡሮችና ወላድ ለመሆን የሚመኙ ሴቶች በልዩ ሁኔታ ይማጸኑታል።

የእስላሙ ሕግ የቆመው በዕለቱ ሰዓታት ላይ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሰው አስቀድሞ ውዱእ ማድረግ አለበት፤ ከተጸዳዳም በኋላ ኀፍረቱን በግራ እጁ በውሃ ያጥባል፤ ይህም ኢስቲንጃ ይባላል። ከሩካቤ በኋላና የወር አበባ ባበቃ ጊዜ መላ ሰውነትን መታጠብ ግዴታ ነው። የኀፍረትን ጠጕር ከአርባ ቀን ሳያሳልፉ መላጨትም ታዟል። ስለዚህ በአዲስ ዓለም ሰፈር በየቤቱ ደጃፍ የምትቀመጠው ማንቆርቆሪያ የእምነት ዕቃ ሆና ሳለ የጤናም ዕቃ ነበረች። በዚያው ዘመን በገጠሩ ያለ ክርስቲያን ባላገር ሜዳ ወጥቶ በቅጠል ወይም በድንጋይ ሲጠራረግ እስላሙ ጐረቤቱ ውሃ ይጠቀም ነበር።

የቤተ እስራኤል ሕግ ደግሞ የቆመው በቦታ ላይ ነው። መንደራቸውን ብዙ ጊዜ ከወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር። ሴቲቱ ደም በታያት ጊዜ ከቤቷ ወጥታ ከመንደሩ ዳር ወደ ተሠራችው የመርገም ጎጆ ትገባለች፤ በጎጆዋ ዙሪያ ድንጋይ ተደርድሮ ወሰን ይሆናል፤ ምግቧን ሌሎች ሴቶች አምጥተው በድንጋዩ ላይ ያኖሩላታል። ሰባት ቀን ተቀምጣ ልብሷን አጥባ፥ በወንዝ ታጥባ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ወላድም በአራስ ጎጆ ለወንድ አርባ፥ ለሴት ሰማንያ ቀን ትቈይ ነበር። ለሰንበትም በዕለተ ዓርብ መታጠብ የተለመደ ነበር። ከመታጠባቸው ብዛት የተነሣ ጐረቤቶቻቸው «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሏቸው እንደ ነበር ስለ እነርሱ የጻፉ ሰዎች መዝግበዋል። ስድብ ሆኖ የተነገረው ቃል በጤና ዐይን ሲታይ ምስጋና ሆኖ ይገኛል።

እነዚህ ሕግጋት ብዙ የሚመሳሰሉበት ነገር ያላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን በ15ኛው ምዕራፍ ከወንድም ከሴትም አካል ስለሚወጣ ፈሳሽ ሰፊ ሕግ ተጽፏል፤ ፈሳሽ ያለበት ወንድ ሰባት ቀን ቈጥሮ፥ ልብሱን አጥቦ፥ በምንጭ ውሃ እንዲታጠብ ያዝዛል። ብዙ ሐኪሞች በዚህ ምዕራፍ የተነገረው የወንድ ፈሳሽ ዛሬ ጨብጥ የምንለው ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታሉ። ቤተ እስራኤል ምዕራፉን እንደ ቃሉ ፈጸሙት፤ ክርስቲያኑ ከፊሉን በልማድ ያዘው፤ የእስላሙም ሕግ በራሱ መንገድ ከዚያው ከጥንታዊው የምሥራቅ ሥርዓት ጋር ዝምድና አለው።

እንግዲህ ይህ ሕግ ለጤና ምን ሰጠ ብለን ብንጠይቅ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ ጊዜ ሰጠ፤ ከወሊድ በኋላ ለአርባ ቀን የሩካቤ መከልከል ቍስሉ ያልጠገገውን ማኅፀን ከመመረዝ ይጠብቃል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ወላድን ስድስት ሳምንት ያህል እንድትጠነቀቅ ሲመክሯት ከዚሁ ቍጥር ብዙም አይርቁም። ሁለተኛ ቦታ ሰጠ፤ ወፍጮና እንስራ ለማያሳርፋት ሴት የመርገም ጎጆ በወር ጥቂት ቀን የምታርፍበትና ልብሷን ሳትሸሽግ የምታጥብበት ስፍራ ነበረች። ሦስተኛ ውሃ ሰጠ፤ መታጠብን ከፈቃድ ወደ ግዴታ አሸጋገረው።

ነገር ግን የሕጉንም ጉድለት ሳንሸሽግ መናገር አለብን። በደጋ ብርድ ሌሊቱን በጭር ጎጆ ማደር ለሴቲቱ ቀላል አልነበረም፤ ወላድም ከሰው ተለይታ ደም ቢበዛባት የሚደርስላት ሰው ሩቅ ነበር። ከዚህ የሚብሰው ግን ሕጉ የሚቈጥረው ቀንን እንጂ ደዌን አለመሆኑ ነው። ደም የታያት ሴት በሕጉ ዘንድ ትታወቃለች፤ ቀን ተቈጥሮላት፥ ውሃ ታዞላት ትታጠባለች። ነጭ ፈሳሽና ማሳከክ ያስቸገራት ሴት ግን መርገም አልመጣባትምና ሕጉ አያውቃትም፤ ቦታም፥ ጊዜም፥ ውሃም አልተመደበላትም። በመርገም ቀን ያለችውም ብትሆን በክርስቲያኑ ቤት ያረጀ የነጠላ ቍራጭ ትይዛለች፤ ይህንንም በስውር አጥባ ሰው በማያየው ጨለማ ማዕዘን ታሰጣዋለች። ርጥበቱ ያልወጣለት ጨርቅ የተዋሕስያን ማደሪያ መሆኑን ማንም አልነገራትም፤ ከፀሐይ የሸሸገችው ለኀፍረት እንጂ ለጤና ብላ አይደለም።

ሕጉ ባልደረሰበት ቦታ የመድኃኒት ዐዋቂዎች ይገቡ ነበር። በጐንደር የሕክምና ነገር ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 ዐፄ ኢያሱን ቀዳማዊን ለማከም መጥቷል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ የፈንጣጣ በሽተኞችን ሲያስታምም በርና መስኮቱን አስከፍቶ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፥ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጥቦ እንደ ነበር ጽፏል። ተዋሕስያን ገና ባልታወቁበት በዚያ ዘመን የአውሮፓው ሐኪምም የጐንደሯ ባልቴትም በሁለት ነገሮች ይተማመኑ ነበር፤ እነርሱም ውሃና ጭስ ናቸው።

የጭሱ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በሰሜኑ አገር አልተረሳም። ሴቲቱ በመሬት ላይ በተቈፈረች ትንሽ ጕድጓድ ውስጥ የወይባ እንጨት ታጨሳለች፤ በላዩ ተቀምጣ ጋቢ ትከናነባለች፤ አካሏም በላብ ይታጠባል። ይህ ለአራስም ለሙሽራም የሚደረግ፥ ሰውነትን የሚያሳምርና መዓዛ የሚሰጥ የተወደደ ልማድ ነው። ለማጠብ ደግሞ እንዶድ አለ። የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል፤ ነጭ ሸማን የሚያነጻው እርሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ የእንዶድ አረፋ የብልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስተውለው ለዓለም አስታውቀዋል፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ስለዚሁ ምርምር ተሸልመዋል። ከዚህም ሌላ «ዕፀ ደብዳቤ» በሚባሉት የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ዕፀዋት ተዘርዝረዋል፤ እንዲህ ያሉትን የግዕዝና የአማርኛ የመድኃኒት ጽሑፎች ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 ባሳተሙት መጽሐፍ ለሊቃውንት አቅርበዋቸዋል።

አሁን የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ካገኙት ዕውቀት ጋር ይህን እናነጻጽር። አልበርት ናይሰር በ1879 የጨብጥን ተዋሕስ አገኘ፤ ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 የቂጥኝን አገኙ። ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉም የሚበልጠው አልበርት ዶደርላይን በ1892 የገለጸው ነገር ነው። ይህ የጀርመን ሐኪም በጤነኛ ሴት የብልት ውስጠኛ ክፍል ዘወትር የሚኖሩ፥ ክፉ የማያደርጉ፥ እንዲያውም እርሾ እርጎን እንደሚያኮመጥጠው ሁሉ ስፍራውን የሚያኮመጥጡ ጥቃቅን ሕያዋን መኖራቸውን አስረዳ። በዚህ ኮምጣጣነት ምክንያት ሌሎች ተዋሕስያን በዚያ ለመራባት ይቸገራሉ። እንግዲህ የውስጠኛው ክፍል ራሱን በራሱ ያጸዳል፤ ዘበኞች አሉት። እንዶድም ሆነ ሳሙና፥ ሎሚም ሆነ ሌላ ቅመም ወደ ውስጥ ሲገባ አስቀድሞ የሚገድለው እነዚህን ዘበኞች ነው፤ ዘበኛው የተገደለበት ቤት ደግሞ ለሌባ ክፍት ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል አረፋ ለስስ ቆዳ ምን ያህል ኀይለኛ እንደ ሆነ ማሰብ አያዳግትም። የወይባው ጭስም ላብን አውጥቶ ቆዳን ቢያጸዳ መልካም ነው፤ በውስጥ ያለን በሽታ ያጠፋል ተብሎ ሲታመንበት ግን ሐኪም የምትሻውን ሴት ያዘገያል፤ እሳቱም ቢቀርብ ያቃጥላል።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ባይመስልም ትልቅ ነው። አያቶቻችን በውጭው አካል ላይ ውሃ ያነሳቸው ሲሆን በውስጠኛው ላይ ደግሞ መድኃኒት በዝቶባቸው ነበር። ጤና ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ በውጭው ላይ ብዙ ውሃ፥ በውስጠኛው ላይ ምንም ነገር አለማኖር።

ስለ መንሥኤም የነበረውን እምነት መዘንጋት አይገባም። ጨብጥ በጨረቃ ፊት ከመሽናት ወይም ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ከመሽናት ይመጣል የሚል አነጋገር በአገራችን በብዙ ስፍራ ይሰማል። አለን ያንግ ስለ በጌምድር አማሮች የሕክምና እምነትና ልማድ በ1970 ባቀረቡት የዶክተርነት ጽሑፍ እንዳሳዩት የአገሩ ሰው ስለ በሽታ ያለው አሳብ የራሱ ሥርዓት ያለው አሳብ ነው፤ እንደ ተረት የሚናቅ አይደለም። የጨረቃው እምነትም ሥራ ነበረው፤ ባልና ሚስት ሳይካሰሱ፥ ትዳር ሳይፈርስ፥ በሽታው ከሰማይ መጣ ተብሎ ነገሩ እንዲበርድ ያደርግ ነበር። ግን ጨረቃ በተከሰሰች ቍጥር እውነተኛው መንገድ ሳይዘጋ ይቀራል፤ አንዱ ቢታከም ሌላው ሳይታከም ስለሚቀር በሽታው ከባል ወደ ሚስት፥ ከሚስት ወደ ባል ይመላለሳል።

የዚህ ስሕተት ዋጋ የተከፈለው አብዛኛውን በሴቶች ነው። ጐንደር የነገሥታት ከተማ፥ የነጋድራስና የሠራዊት መሰብሰቢያ ነበረች፤ ቂጥኝና ጨብጥ በከተማውና በዙሪያው በዝተው እንደ ነበር የ19ኛው ምዕት ዓመት ተጓዦች ጽፈዋል። ጨብጥ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ወደ ላይ ወጥቶ የዘር መተላለፊያውን ይደፍናል፤ ሴቲቱም መካን ትሆናለች። ባል ከዘመቻ ወይም ከንግድ ይዞት የመጣው በሽታ ሚስትን መካን አድርጎ፥ መካን ተብላ ተፈትታ፥ ፍርዱ በእርሷ ላይ የወደቀበት ቤት ስንት እንደ ሆነ የሚቈጥር መዝገብ የለም። ሳይመን ሜሲንግ በ1953 እና በ1954 በጐንደር ተቀምጠው ያጠኑትን የዛር ማኅበር በ1958 ባሳተሙት ጽሑፍ ሲገልጹ ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ያገቡ ሴቶች እንደ ነበሩ አመልክተዋል። በባሏ ቤት የማትሰማ ሴት በዛር ቤት ትሰማ ነበር። ልጅ የከለከላት ዛር ሳይሆን ስም ያልወጣለት ደዌ የሆነባት ሴት በዚያ ጉባኤ ውስጥ አልነበረችም ለማለት ግን ማን ይደፍራል?

ዘመናዊው የጤና አጠባበቅ ወደ አገሩ በሰፊው የገባው በመከራ ምክንያት ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። በተከታዩ ዓመት በ1954 የጐንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ በኢትዮጵያ መንግሥት፥ በዓለም ጤና ድርጅት፥ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ ርዳታ ተቋቋመ፤ ዛሬ የጐንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፥ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒቴሪያን የሚባሉትን የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች አብሮ ያሠለጥን ነበር፤ ተማሪዎቹም እንደ ቆላ ድባ ወዳሉት የጤና ጣቢያዎች ወጥተው ከሕዝቡ ጋር ሆነው ይማሩ ነበር። በሽታን ከመፈወስ ይልቅ አስቀድሞ መከላከል የሚለው ትምህርት በዚህ አገር ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሆኖም ከቤቱ ጌታ ጋር ስለ ጕድጓድ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት መነጋገር የሚቻለው ወንድ ባለሙያ ከእመቤቲቱ ጋር ስለ ጨርቋ ሊነጋገር የአገሩ ልማድ አይፈቅድለትም። ይህን በር የምትከፍተው ሴት ባለሙያ ናት። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን መድቦ ከቤት ወደ ቤት እንዲዞሩ ማድረጉ ለብዙ ጤና ነገር እንደ ጠቀመ ይነገራል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የማየው ለዚህ ለማይነገረው ነገር አፍ ማበጀቱን ነው።

ትምህርቱ ቢደርስም ውሃው ካልደረሰ ፍሬ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመሠረታዊ ፍላጎት የሚበቃ ብሎ የሚገምተው ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ወደ አንድ እንስራ የሚጠጋ ማለት ነው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ስድስት እንስራ ያሻዋል። በወገራና በደባርቅ ደጋ ከምንጭ እስከ ደጃፍ ያለውን ዳገት በእንስራ የወጣች ሴት መጀመሪያ የምታስበው ለመጠጥ፥ ለወጥና ለጠላ ነው፤ ለራሷ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ውሃውም በረዶ ነው፤ ለማሞቅ ኩበት ያስፈልጋል፤ ኩበቱም ለእንጀራ ይፈለጋል። ስለዚህ «ለምን አትታጠብም?» ብሎ መገሠጽ ከጋን ጠርቶ ጠላ ለሚጠጣ ሰው ቀላል ነው። ደግነቱ ይህ የአካል ክፍል የሚፈልገው ውሃ ብዙ አይደለም፤ በአንድ ጣሳ ለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፤ የአዲስ ዓለሟ ማንቆርቆሪያ ይህን ለብዙ ዘመን አስመስክራለች።

የዛሬው ዕውቀት የሚመክረው የዕለት ልማድ ከነባሩ ልማድ ጋር ሲዛመድ የሚከተለውን ይመስላል። ኀፍረትን በየቀኑ በንጹሕ ውሃ ከውጭ በኩል ብቻ መታጠብ፥ ከመታጠብም በፊት እጅን በሳሙና ማጠብ፤ ሴት ስትታጠብና ስትጠራረግ ከፊት ወደ ኋላ ማድረግ፥ ይህም የዐይነ ምድር ተዋሕስያን ወደ ሽንት መውጫ እንዳይሻገሩ ነው፤ ያልተገረዘ ወንድ ሸለፈቱን ወደ ኋላ መልሶ ማጽዳት፤ ከታጠቡ በኋላ ማድረቅ፥ ለውስጥ ልብስም ርጥበት የሚመጥጠውን ጥጥ መምረጥ፤ የወር አበባ ጨርቅን በየጥቂት ሰዓቱ መለወጥ፥ በሳሙና አጥቦም በጨለማ ሳይሆን በፀሐይ ላይ ማስጣት፤ ሽንትን አለመያዝ፥ ውሃ አዘውትሮ መጠጣት፥ ከሩካቤም በኋላ መሽናት። ወደ ውስጥ ሳሙናም፥ እንዶድም፥ ሽቱም፥ ጭስም አለማስገባት። የሴት ልጅን ኀፍረት መቍረጥ ንጽሕና ነው የሚለው አሮጌ አሳብም እዚህ ላይ መወገድ አለበት፤ መቍረጡ ቍስልና መመረዝ ያመጣል እንጂ አያነጻም፤ በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግም ይቀጣበታል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ውሃ ጨብጥንና ቂጥኝን አያጥብም። ከእነዚህ የሚጠብቀው በትዳር መተማመን፥ ይህ በሌለበትም ኮንዶም፥ ምልክት በታየም ጊዜ ባልና ሚስት አብረው መመርመርና አብረው መታከም ነው። ሽታው ወይም መልኩ የተለወጠ ፈሳሽ፥ የማያቋርጥ ማሳከክ፥ የሽንት ማቃጠል፥ ቍስል፥ የታችኛው ሆድ ሕመም ያገኘው ሰው ጠበሉንም ቢሄድ ሐኪሙን አይተው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሊቃውንቱም ካህናቱም ይህን አንድ ቃል ሆነው ቢናገሩት ኖሮ ስንት ማኅፀን ባልተዘጋ ነበር።

ቤተ እስራኤል በ1984 እና 1985፥ ደግሞም በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ከጐንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ የመርገም ጎጆ ዛሬ የሚገባባት የለም። እስላሞቹና ክርስቲያኖቹ እንደ ድሮው ጐረቤታሞች ናቸው። የጎጆዋ ድንጋይ ሲነሣ አብሮ የተነሣው መለየቱ ብቻ ከሆነ እሰየው፤ ለሴቲቱ ዕረፍት፥ ስፍራና ውሃ መመደቡም አብሮ ከቀረ ግን ጉዳት ነው። በትምህርት ቤቶቻችን ውሃና መዝጊያ ያለው የሴቶች መጸዳጃ ቤት መሥራት፥ በዚህ አስተያየት፥ አዲስ ነገር ማምጣት ሳይሆን አንድ የጥንት ሕግ ያወቀውን ነገር ያለ መርገሙ መመለስ ነው።

በመጨረሻም ለተማሪዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ምሳሌ የተናገረው የገዛ ሕዝባችን ነው፤ ነገር ግን ይህን አንዱን በሽታ ሲደብቅ ኖሯል። ሴቶች ተማሪዎች ወደ እናቶቻቸውና ወደ አያቶቻቸው ሄደው፥ በምን ይታጠቡ እንደ ነበር፥ ጨርቁን የት ያሰጡት እንደ ነበር፥ ሕመሙን ምን ይሉት እንደ ነበር ጠይቀው ይመዝግቡ፤ ወንዶቹም ከአባቶቻቸው ይጠይቁ። እኔ እማሆይን ሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅ ስመለስ ዐርፈው ቈዩኝ፤ «የሴት ዕዳ» ያሉት ነገር በወጣትነታቸው እርሳቸውን አግኝቷቸው እንደ ሆነ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።